ባዶና ዜሮ

እናቴን እናቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እትዬ ነው የምላት። የወለደችኝ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ፣ ሳታገባ፣ አዲስ ዓለም በአባቷ ቤት ነው። አያቶቼም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ቤት የሚያደርገውን አደረጉ፤ የራሳቸው የመጨረሻ ልጅ አድርገው አሳደጉኝ። የአያቴ ስም የአባቴ ስም ሆነ። ስለዚህ በወረቀት ላይ እኔና እናቴ የአንድ አባት ልጆች፣ እህትማማቾች ነን።

ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን ከአያቴ ጋር በአጥር ተጣልታ "የልጅሽን ዲቃላ ልጄ እያልሽ!" ስትል ሰማሁ። አያቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና "ሰው ሲጣላ የማይለው የለም" አለች፤ በቃ። ሰፈሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እትዬም እንደማውቅ ታውቃለች። የአደባባይ ምስጢር የሚሉት ይህንን ነው። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ኖርን። እኔ ግን አንድ ነገር እፈልግ ነበር፤ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ "ልጄ ናት" እንድትል። ለማንም ይሁን፤ መንገድ ዳር ለቆመ ሊስትሮም ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

እትዬ አምቦ በጸሐፊነት ስትቀጠር እኔም ለትምህርት ተከተልኳትና አብረን ቤት ተከራየን። ኮምፒውተር አጠናሁ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ የድሮው ፕሮግራም እስኪከፈት በሽተኛው ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። መረጃውን ኢንተርኔት ላይ እንዳላስቀምጠው እኛ አካባቢ ኔትወርክ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ስለዚህ መረጃው የሚከማችበትን ዳታቤዝ በካርድ ክፍሉ ጥግ ባለች አንዲት ማሽን ላይ ጫንኩና ሌሎቹ በገመድ እንዲያገኟት አሰብኩ።

ፕሮግራሙን በረስት ጻፍኩት። ረስት ለማሽኑ ቅርብ የሆነ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ የሚፈጥን፣ ግን ነዝናዛ ቋንቋ ነው፤ የማይገባው ነገር ካለ ገና ሥራ ሳይጀምር አሻፈረኝ ይላል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በሌላ ቋንቋ ብትሠሪው እስካሁን ጨርሰሽ ነበር እያሉ ሳቁብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ነዝናዛነቱን ወድጄው ነው። እኛ ቤት ሁሉም ነገር ሳይጠየቅ ነው የሚያልፈው።

ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት ሲያወሩት ቀላል ነው። አድራሻውን፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን ይሰጡታል፣ ይጠብቃሉ፣ ይከፍታል። ለእኔ አልከፈተልኝም። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ሲደበድብ እየዋለ እኔ ስክሪኑ ላይ ግንኙነቱ ተከልክሏል የሚል አንድ መልስ ሳነብ እውላለሁ። ገመድ ቀየርኩ፣ የይለፍ ቃል ቀየርኩ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼም አለቀስኩ። ለካ ዳታቤዙ ሲጫን ከራሱ ማሽን በቀር ለማንም እንዳይመልስ ሆኖ ነው የሚጫነው። የውጭ ሰው እንዲሰማ ካልነገሩት አይሰማም። አንድ መስመር አስተካክዬ እንደገና ሳስነሣው ገባሁ። የበሽተኞቹ መረጃ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ይወርድ ጀመር።

ደስታዬ ሻይ እስክጠጣ እንኳ አልቆየም፤ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ቀጥ አለ። የቆመው "የወሊድ ብዛት" የሚለው ዓምድ ላይ ነው። ከድሮው ፋይል በገለበጥነው መረጃ ውስጥ የአንዳንድ ሴቶች ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ደግሞ ለረስት እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ቁጥር አለ ብዬዋለሁ። በዚህ ቋንቋ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ካለ አስቀድሞ መናገር ግድ ነው፤ ከዚያም በነኩት ቁጥር ካለስ፣ ከሌለስ እያለ ይጠይቃል፣ ለሁለቱም መልስ ካልሰጡት አይንቀሳቀስም። ባዶውን በዝምታ ዜሮ አድርጎ የሚያልፍ ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነበር፤ ግን ባዶ ማለት አልታወቀም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ሴትዮዋ ተጠይቃ አልወለድኩም አለች ማለት ነው። ለማህፀን ሐኪም ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ይህንን ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ማስረዳት ከረስት ይብስ ነበር። ያልጠየቀችውን ሁሉ ዜሮ እየሞላች ታሳልፋለች።

"ባዶ ሲሆን ሥራዬን ያልጨረስኩ ይመስላል እኮ" አለችኝ።

"ካላወቅሽ ተዪው፤ ሐኪሙ ራሱ ይጠይቃል" አልኳት።

"ኤዬ፣ እሺ" ብላ ሳቀች። ጥሩ ሰው ናት፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመረች።

እትዬ ደም እንደሚፈሳት የነገረችኝ ብዙ ከቆየች በኋላ ነው። ፊቷ ገርጥቶ፣ ከገበያ ስትመለስ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ እያረፈች፣ "ድካም ነው" ትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ልውሰድሽ ስላት ደግሞ በዚያ ሰሞን መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነው። ክሊኒኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የማህፀን ሐኪም ነበረው፤ መንገድ ሲገኝ ይመጣል፣ ካልተገኘ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ መጥቷል ተባለና ደግፌ ወሰድኳት።

"አካም ጅርቱ አዴ" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮቱ። ዕድሜዋን ጠየቀቻት፣ አድራሻዋን ጠየቀቻት። ቀጥላ "ወልደዋል?" አለቻት።

"ላኪ፣ የለም!" አለች እትዬ ቶሎ ብላ። "አላገባሁም እኮ፤ ከየት አምጥቼ እወልዳለሁ?"

እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ዜሮ ጻፈች። እንዳስተማርኳት ጠይቃ፣ የተመለሰላትን ነው የጻፈችው፤ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ከእግር እስከ ራሴ ነደድኩ። ያቺን ጥያቄ እዚያ መስኮት ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ የጡት ማጥባት ፖስተር ተለጥፏል፤ ሁለታችንም እሱን እናያለን።

"እትዬ፣ ለሐኪም አይዋሽም" አልኳት በመጨረሻ።

"ማን ዋሸ?" አለች፤ ዓይኗን ከፖስተሩ ሳትነቅል።

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩን ጫፍ የነካሁት ያኔ ነው፤ በሁለት ቃል ዘጋችው። ማንን ትፈራለች? አያቶቼ ሞተዋል። ያቺ የአጥር ጎረቤታችንም ሞታለች። በአምቦ ማን ያውቃታል፣ ማንስ ያወራባታል? ይህን ሁሉ ላወርድባት ፈለግኩ። ገርጥታ ሳያት አልቻልኩም።

ተነሥቼ ካርድ ክፍል ገባሁ። ጥጉ ላይ ባለችው ማሽን ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ ተገናኘሁና የእትዬን መስመር አወጣሁ። ዜሮው ቁጭ ብሏል። በአንዲት ትእዛዝ ዜሮውን ወደ አንድ መቀየር እችላለሁ፤ ማንም አያየኝም፣ ሐኪሙም ትክክለኛውን ያገኛል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሳትወልደኝ በኮምፒውተር የተወለድኩ መስሎ ተሰማኝና አስጠላኝ። እኔ የምጽፈውማ ምን ዋጋ አለው? እሷ ናት ማለት ያለባት። ዜሮውን አነሣሁና ቦታውን ባዶ አደረግኩት። ባዶ ካየ ይጠይቃታል። ሐኪም ፊት፣ በር ተዘግቶ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ምናልባት ትለው ይሆናል ብዬ ነው።

ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሙ መንገድ ያደከመው፣ ድምፁ ለስላሳ ጎልማሳ ነው። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና "ልጅዎ ናት?" አለ።

"እህቴ ናት" አለች።

ወደ ስክሪኑ ዞረና ቅንድቡን አነሣ። "እዚህ ጋ አልተሞላም። ወልደው ያውቃሉ፣ እናቴ?"

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። ቦታውን ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ ገብቷታል፤ ስንት ዓመት ቢሮ ውስጥ የሠራች ሴት ናት፣ በመስኮቱ የተናገረችው መጻፉን አይታለች።

"ለሕክምናው በጣም ያስፈልገኛል" አለ ሐኪሙ። "እዚህ የሚነገር ከዚህ አይወጣም።"

"አንድ" አለች እትዬ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር፤ ልናገር፣ ላለቅስ፣ እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"በሰላም ተገላገሉ? በኦፕራሲዮን ነው?"

"በሰላም። ቤት ውስጥ።"

"ልጁ አሁን የት ነው?"

"ሴት ናት" አለች። ቦርሳዋ እኔ ጋ ስለሆነ እጇ የሚይዘው አጥቶ የነጠላዋን ጫፍ ይጠመዝዛል። "ሞታለች። በጨቅላነቷ ሞታለች።"

"ነፍስ ይማር" አለ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ።

"አሜን" አለች እትዬ።

የወሊድ ብዛት ላይ አንድ ጻፈ። ከሥሩ በሕይወት ያሉ የሚል ሳጥን አለ። እሷን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ራሱ ዜሮ አደረገና መዝግብ የሚለውን ተጫነ። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያያል፤ በሕይወት ያሉት ከተወለዱት ከበለጡ አይቀበልም። አንድና ዜሮ ግን አይጣሉም። ተመዝግቧል አለ።

ከዚያ ሐኪሙ እትዬን አልጋው ላይ እንድትወጣ አዘዛትና መጋረጃውን ሳበ። እኔን ውጭ እንድጠብቅ ነገረኝ፤ ወጣሁ።