ሰንደቅ ዓላማ እስኪወርድ

አስካለማርያም ሁለት ሰዎች ሲኳረፉ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ነበረች። አባቷ አንኮበር ላይ ሰው ሲያስታርቁ ከኋላ ተቀምጣ እያዳመጠች አድጋለች። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ከመጣች ወዲህም የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ሲጣሉ እሷን ይፈልጓታል። በ1982 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የገጠማት ጠብ ግን የዋዛ አልነበረም።

ብርሃነ መስቀልና ያሕያ አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ብርሃነ መስቀል ክፍሉን ሊያስቅ ብሎ የያሕያን አባት፣ የአልዩ አምባውን ነጋዴ፣ «ስኳር ቀብሮ ይሸጣል» አለ። ያሕያ በቡጢ ከንፈሩን አፈነዳው። የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደሩም «ሰንደቅ ዓላማ እስኪወርድ ካልታረቁ ስማቸውን ለቀበሌ አስተላልፋለሁ» አሉ። ያኔ ስሙ ቀበሌ የደረሰ ጎረምሳ መጨረሻው ጦር ግንባር ነበር። የአስካለማርያም ወንድም ወልደአረጋይ ከገበያ ታፍሶ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም።

ከትምህርት በኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር አስቀመጠቻቸው። አንዴ ሰንደቁን፣ አንዴ ልጆቹን ታያለች።

«አንተ ጀምር» አለችው ብርሃነ መስቀልን።

«ቀልዴን ነበር።»

«ነጋዴ ስኳር ደበቀ ተብሎ በሚታሰርበት ጊዜ በአባቴ ትቀልዳለህ? ቀበሌ ቢሰማ ቀልድ ነው ብሎ ይተዋቸዋል?» አለ ያሕያ።

ብርሃነ መስቀል ያበጠ ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገ። «እሱን አላሰብኩም። ይቅር በለኝ።»

«የቄስ ልጅ ሆነህ ምላስህን ጠበል አልነካውም።» የያሕያ ፊት ፈታ አለ።

አስካለማርያም ፈጥና ዳቦ አወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ስላለፈ የዕለቱ የሁዳዴ ጾም ተፈትቷል፤ አብረው ከቆረሱ እርቁ ይጸናል። ያሕያ ግን እጁን ሰበሰበ። እሷም አለቀ፣ አልታረቀም ብላ ክው አለች።

ብርሃነ መስቀል ሳቀ። «ረመዷን ነው እኮ፣ አስካል። ሌሊት ለሱሁር ሊበላ ሲነሳ እኔንም አያስተኛኝ። የእኔንም አስቀምጪው፤ ፀሐይ ስትገባ አብረን እንበላለን።»

«ሰንደቁ ቀድሞ ይወርዳል። ሳትቆርሱ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ታርቀዋል በያቸው» አለ ያሕያ። «በእኔ በኩል አልቋል።»

የሰንደቅ ማውረጃው ደወል ተደወለ። ዩኒት ሊደሩ አንድ ወረቀት ይዘው መጡና የብርሃነ መስቀልን ከንፈር አዩ።

«ይሄ ታርቋል?»

«ታርቄያለሁ ቲቸር» አለ ብርሃነ መስቀል። ያሕያም ትከሻውን አቀፈው።

ሰውየው ወረቀቱን ቀደው ጥለው ሄዱ። አስካለማርያም ጎንበስ ብላ ቁርጥራጮቹን ለቀመች። የሁለቱ ስም መሆኑን ገጣጥማ አንብባ ነው «ተመስገን» ያለችው።