የወንድሜ ምርመራና የእኔ ሽማግሌዎች

ወንድሜን ግትር ነው ትሉት የነበራችሁ ሁሉ፣ እስቲ ዛሬ እኔን ስሙኝ። ታላቅ ወንድሜ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ፀጉር አስተካካይ ነው። የአእምሮ ሕመም አለበት። ሲነሳበት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ከድምፁም ጋር ይጨቃጨቃል። መድኃኒቱን ሲወስድ ድምፁ ዝም ይላል፤ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ምላጭ ይዞ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ማን ጉሮሮውን ይሰጣል? ደንበኛ ሲሸሸው መድኃኒቱን ያቆማል፣ ሲያቆም ይነሳበታል። ከዚያ ሁሉም ዳኛ ነው፤ ልቡ አብጦ ነው፣ የታዘዘለትን አይውጥም ይላሉ። እሱ ይበዛብኛል እያለ ሲለምን ዓመታት አለፉ። ማን ሰምቶት!

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ሰማው። የዘረመል ምርመራ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረን። ጉንጩ ውስጥ በጥጥ ይጠረጋል፣ ናሙናው ውጭ አገር ይላካል፣ ሰውነቱ አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ የሚያስወግዳቸው የሚለውን ፍንጭ ይሰጣል። ምርመራው ራሱ አያድንም፤ ሐኪሙ ይህን ደጋግሞ ነግሮናል። የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደሚሞክር ግን ይረዳዋል። ያን ቀን በእግር ወደ ፒያሳ ስንወጣ ወንድሜ ማኪያቶ ካልጋበዝኩሽ ብሎ ሙጭጭ አለ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ቤት ስንደርስ ሳቁን አስዋጡት። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ተጠሪ አጎቴ ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሱ። በዚያ ሰሞን እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። ልጁን እወደው ነበር። ወንድሜን ያውቀዋል፤ ለወላጆቹ ግን ስለ ሕመሙ ትንፍሽ አላለም። አጎቴ እንደሚሉት፣ ዘረመል ተመረመሩ ከተባለ እብደቱ አጥንታቸው ውስጥ ነው ይባላል፣ እኔንም ዞሮ የሚያየኝ አይገኝም። ምርመራው ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ አጥንታችን አይደለም ብዬ ብለምን፣ ብጮህ፣ ወይ ፍንክች። ከሰርጉ በኋላ ይደረስበታል አሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜም እኔን አየና ግድ የለም፣ ለእኔ ይቆየኝ አለ። ደሜ ፈላ። በእኔ ሰርግ አሳበው እሱን ሊያሰቃዩት! እኔ እንዲህ አድርጉልኝ ብዬ ማንን ጠየቅኩ?

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔና ወንድሜ ጓዳ ነበርን፤ እኔ ወግ ስለሆነ፣ እሱ እንዳይታይ። ከሳሎኑ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው። አንደኛው ሽማግሌ፣ ሟቹ አባት ስንት ልጅ ትተው እንዳለፉ ጠየቁ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መልሱ ግን ከእናቴ መጣ።

"ይቺኑ አንዷን ነው።"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ በእውነት አልቻልኩም። ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትወጣም ይባላል፤ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ታላቅ ወንድም እንዳለኝ፣ ጓዳ ቁጭ ብሎ እየሰማቸው እንደሆነ፣ እንደታመመና በማግስቱ ለምርመራ እንደምወስደው ነገርኳቸው። የአጎቴ ፊት ከል መሰለ። ሽማግሌዎቹ በጨዋ ደንብ ተነስተው፣ አስበንበት እንመለሳለን አሉ። እስከ ዛሬ እያሰቡ ነው። ልጁም ማታ ደውሎ፣ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት አለኝ። ትንሽ! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሆዴ አይችልም። ሐኪሙ እንዳለው የወንድሜ ሰውነት ያንን መድኃኒት የሚያስወግደው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ለሌላው ልክ የሆነው ለእሱ ይበዛል። እንግዲህ እሱ ራሱ ሲል የኖረው ማለት ነው። ሰው ስለ ገዛ ገላው ሲናገር ለመታመን ምራቁ ባሕር መሻገር አለበት? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ ግን ይህን ገና አናውቅም። እናቴ ሳንጠራት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላችን መጣች። ዞሬም አላየኋት፣ አንጀቴ አርሯል። ክሊኒኩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ ወንድሜን መዘገበችና፣ ከእሱ ጋር የመጣው ቤተሰብ ማን እንደሆነ ጠየቀች። አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

"እናቱ ነኝ" አለች፣ ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ።

ወንድሜ ዞሮ አያት። ፈገግም አላለም፣ አልተቆጣም።

"እስቲ ድገሚው፣ እማዬ" አላት።