ከጆንያው ሥር

ያ ጠርሙስ ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም እናደዳለሁ። በደርግ ጊዜ፣ በዚያ ክፉ ድርቅ፣ ኮምቦልቻ ባለች ትንሽ የሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው የተራቡ ሰዎች መጠለያ ውሃው በክሎሪን ዱቄት ነበር የሚታከመው። ዱቄቱን አንድ የደሴ ነጋዴ ያቀርባል፤ ሌላ ላቦራቶሪ በቅርብ አልነበረምና ጥራቱን እኛ እንድንመረምር ታዘዝን።

ናሙናውን ያመጣው የነጋዴው ሾፌር ነው፤ በታጠበ ጠርሙስ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ለካሁት፤ እንከን የለውም። «ንጹሕ» ብዬ ፈረምኩ። ደሴ ገበያ ቅቤ የምትገዛ ሴት እኮ የላዩን አይታ አትሸምትም፤ ስንደዶ እስከ ሥሩ ሰክታ፣ አውጥታ፣ አሽትታ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የምታውቀውን እኔ፣ ነጭ ጋዋን የለበስኩት፣ ዘነጋሁት። ሻጩ ራሱ መርጦ በላከልኝ ነገር ላይ ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ፋብሪካው በር ላይ አስጠሩኝ። ከቢስቲማ በኩል ከልጅ ልጃቸው ጋር የተሰደዱ፣ በመጠለያው ውሃ የሚያድሉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ድሮ የበርሜሉን ክዳን ስከፍት አፍንጫዬን ይለበልበኝ ነበር። አሁን ወላሂ ምንም አይሸትም። ሰዉም ሆዱን እያመመው ነው» አሉኝ።

አብሬያቸው ሄድኩ። ጆንያውን አስገልብጬ ከሥሩ ዘገንኩ። ስመረምረው አብዛኛው ኖራ ነው፤ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ። ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጧል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር፤ ፍርሃቱ የመጣው ኋላ፣ አለቃዬ ቢሮ ነው።

አለቃዬ የቀድሞውን ወረቀት አወጣ። «ይህ ፊርማ የማነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የትኛዋን እንመን? ያኔ የፈረመችውን ወይስ ዛሬ የምትከሰውን? ነገሩ ካድሬዎቹ ጋ ከደረሰ አሻጥር ይባላል፤ የሚጠየቀውም ነጋዴው አይደለም።» አዲሱን ውጤት መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

በነጋታው ጠዋት መጠለያው ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የሽማግሌው የልጅ ልጅም ጣሳዋን ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው ሲያዩኝ «እህ ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» አሉ። አንድ ካድሬ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

«አባባ፣ ዱቄቱ ኖራ ነው። ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ» አልኩ።

«በምን እንጨት ይፈላል?»



ሽማግሌው ወደ ሰልፉ ዞሩ። «አላህን እፈራለሁ፤ እያወቅሁማ አላጠጣም» ብለው ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን በርሜል በትከሻቸው ገፍተው ደፉት። ሰልፉ ፈረሰ። ሰዉ ውሃው ሳይሰርግ ለመቅዳት መሬት ላይ ተደፋ። ቀድማ የደረሰችው የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ ጣሳዋን ጥላ ጭቃውን በእፍኟ ትጠጣ ነበር።