ከትንሽ ወደ ቀለበት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «አሽከርካሪው» ይሉታል። መኪና ኖሮት አያውቅም፤ የሚያሽከረክረው እስክሪብቶ ነው። ሥራው ወረቀት መቁረጥ ነው፤ ስለቱ ወርዶ እስኪነሣ ባለችው ቅጽበት እንኳ እስክሪብቶው ከጣት ጣት ይዘላል። ጠራዦቹ መንጃ ፈቃድህን አሳየን ሲሉት፣ ቀና ሳይል ጣቶቼ ላይ ታትሟል ይላቸዋል።

ስም የሌለው ዙር አያውቅም። የስሞቹ ብልሃት መነሻ ጣትና መድረሻ ጣት ብቻ ነው፤ ቀላልነቱ ያስደንቃል። «ከሌባ ወደ አውራ» ካለ፣ እስክሪብቶው ከሌባ ጣት ተነሥቶ አውራ ጣት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ዙሮቹ ሲቀጣጠሉ «ቅብብሎሽ» ይላቸዋል። የፊተኛው ከደረሰበት ጣት የኋለኛው ይነሣል፤ አለዚያ እስክሪብቶው መሬት ነው። ረጅሙ ቅብብሎሽ እጅን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ከትንሽ ወደ ቀለበት፣ ከቀለበት ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ሌባ፣ ከሌባ ወደ አውራ።

ታናሽ እህቱ ይህን በቃሏ የያዘችው ሳትፈልግ ነው። አብረው ይኖራሉ። እሷ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ጸጉር ትሠራለች፤ እሱ አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ስሞቹን እየጠራ ያሽከረክራል። አንዷ ደንበኛ «ከሌባ ወደ አውራ» ሲል ሰምታ፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ሹመትም እንዲሁ ነው ብላ በሳቅ ፈርሳለች።

አንድ ቀን ቅብብሎሹ ከቀለበት ጀመረ። እህቱ ሰልችቶት ይሆናል ብላ አለፈችው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከመሐል ሲጀምር ግን እጇ የደንበኛዋ ራስ ላይ ቀጥ አለ።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበር። ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች ብሎ ሲስቅ አብረውት ስቀው ነበር። ቀጥሎ የቀለበቷ ደነዘዘች። ከዚያ መቀሱ ከእጁ ወደቀ፣ ከዚያ ማንኪያው፣ በመጨረሻ ትንፋሹ። ሐኪሙ ሁለቱን ልጆች አስቀምጦ በዘር የሚመጣ ነው ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ቤት ውስጥ ያነሣው የለም።

ደንበኛዋን ሸኝታ መጋረጃውን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ትንሽን የት ጣልካት?»

«ሰለቸችኝ።»

«ቀለበትስ?»

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። እሷ ጨዋታ የመሰላት ስም ጥሪ ነበር፤ የትኛዋ ጣት አቤት እንደምትል፣ የትኛዋ ዝም እንደምትል በየቀኑ ሲያጣራ ነው የከረመው። በቅርቡ ለአለቃው ወገቤን አሞኛል ብሎ ከስለቱ ሥር ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል። ሐኪም ቤትም ሄዷል፤ ለአባቱ የተነገረው ተነገረው። ለምን ደበቅከኝ ስትለው እስክሪብቶውን ዘረጋላት።

«እስቲ ያዢ፣ እህት ዓለም። ከትንሽ ጀምሪ።»

ወሬ ለማስቀየር መሰላት። ዓይኑ ግን እስክሪብቶው ላይ አልነበረም፤ ስለት ሲመረምር እንደሚያደርገው ዓይኑን ሳይነቅል ጣቶቿን ያይ ነበር። ያን ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ጸጉር የምትከፍልባት ትንሿ ጣቷ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እንደምትደነዝዝ፣ ተኝቼባት ነው ብላ እንዳለፈቻት ትዝ አላት።

«ከትንሽ ወደ ቀለበት» አለችና ሞከረች። እስክሪብቶው ወድቆ በመጋረጃው ሥር ተንከባለለ፤ የደንበኞቿ ወንበር ሥር የተጠረገው ጸጉር ውስጥ ገባ።

«ጀማሪ ሁሉ ይጥላል» አላት።

«አዎ፣ ይጥላል።»

ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ የተጣበቀበትን ጸጉር በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና ሰጣት። ተቀበለችው። ዓይኑን ሳታይ ከቀለበት ጀመረች።