ሳልመልሰው የቀረሁት የሬዲዮ ጥሪ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ሃያ ዓመት ሬዲዮ ስጠግን የኖርሁ፤ ባለቤቴ ትርንጎ፤ ልጃችን አስማማው፤ እዚህ ጀርመን አገር ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍሏን ያከራየችኝ አሮጊት፣ ወይዘሮ ሄልጋ፣ በእነሱ አጠራር ፍራው ሄልጋ።

የወጣሁ ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሚኒባሱ ሰው እየጠራ ሳለ አስማማውን ትከሻውን ይዤ፣ «ያለ እኔ ቃል ከቤት አንዲት ነገር እንዳትሸጡ» አልሁት።

«እሺ አባባ» አለ።

ቤት የሚቆመው በአንድ ሰው ቃል ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬም እንዲህ የሚያምን አባት ካለ ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

የበረሃውንና የባሕሩን ሌሎች ጽፈውታል፤ አልደግመውም። የጀርመንን ብርድ፣ የጉና ተራራን ብርድ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም ብዬ ነበር። የጉና ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። የዚህ አገር ድንችም የአገሬን የገሳይን ድንች አያክልም፣ ውሃ ውሃ ይላል።

በሁለተኛው ዓመት የአገር ቤት ስልክ ተቋረጠ። ከመውጣቴ በፊት ከአሮጌ ዕቃ የገጣጠምኋት መላኪያ ሬዲዮ ሱቁ ውስጥ ነበረች፤ አስማማውም አጠቃቀሙን ያውቃል። ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ የምንገናኝበትን ሞገድና ሰዓት ጽፌ ላክሁለት። እዚህ አገር ግን በሬዲዮ ለመናገር ተፈትኖ የአማተር ፈቃድ መያዝ ግድ ነው።

ጀርመንኛዬ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም። ነገር ግን በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁት ትርጉሙን አውቄ አልነበረም፤ ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ይከተላል። የፈተናውንም መጽሐፍ እንደዚያው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር ያዝሁት። ፍራው ሄልጋ በሩን አንኳኳች።

«ሄር ጌጡ፣ ጸሎት ነው?»

«ጥናት ነው።»

«ጣሪያዬ ላይ የወጠሩት ሽቦስ? አንድ ሸክላ ሰብረዋል።»

«ከቤተሰቤ ጋር ልነጋገርበት ነው። ስልክ ተቋርጧል።»

«ታዲያ ኢሜይል ይጻፉላቸው።»

«እሱም የለም።»

«ቅሬታ አቅርበዋል?»

ለማን ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ቃሉን በጀርመንኛ አጣሁት።

ፈተናውን አለፍሁ። የፈቃዱን ወረቀት ፈርሜ ስቀበል ፈታኙ በቀስታ፣ እንዲገባኝ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ከማን ጋር ሊነጋገሩ ነው?»

«ከልጄ ጋር።»

«እሱ ፈቃድ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አይቻልም። ይህንማ እርስዎ ራስዎ በትክክል መልሰዋል።»

ገጹን ገልጦ አሳየኝ። ፈቃድ ከሌለው ጋር መነጋገር ክልክል ነው ይላል። ሦስት ወር በቃሌ ስለው የከረምሁት ነበር።

በማግስቱ በቀጠሯችን ሰዓት፣ እዚህ የገጣጠምሁትን ሬዲዮ ለመስማት ብቻ ከፈትሁ። የልጄ ድምፅ እንደ ነፋስ እየራቀ እየቀረበ መጣ።

«አባባ፣ ይሰማሉ ወይ? እማዬ ዓይኗን ታማለች። ሐኪሙ ቶሎ ባሕር ዳር ወስዳችሁ አሳክሟት፣ አለዚያ ይጠፋል ብሏል። ላሚቱን እንሽጥ ወይ? ቃልዎን ይስጡን።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጣቴ የመናገሪያው ቁልፍ ላይ ነበረች።

ሕግ ነው አልሁ። ልጄን ስለ ዋሸ የቀጣሁ ሰው፣ የፈረምሁበትን አላፈርስም አልሁ። እውነቱ ግን ይህ ብቻ አልነበረም። የመኖሪያ ወረቀቴ የሚታደስበት ወር ነበርና ፈራሁ። ጽድቅና ፍርሃት አንድ ልብስ ሲለብሱ ለይቶ የሚያውቃቸው ባለቤታቸው ብቻ ነው።

አስማማው ዘጠኝ ቀን ጠራኝ፤ ዘጠኙንም ቀን ቁጭ ብዬ ሰማሁት። በአሥረኛው ቀን አልጠራም።

ስልኩ ከሁለት ወር በኋላ ተከፈተ። ትርንጎ አነሳች።

«ላሚቱ ወለደች» አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ። «አልነካናትም።»

«ዓይንሽስ?»

«የግራው ቀረ። ቀኙ ይበቃኛል፣ አይጨነቁ።»

ከዚያ አስማማው ተቀበላት።

«አባባ፣ ያን ጊዜ አልሰሙንም ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሰምቻችኋለሁ» አልሁት።

ስልኩን ለእናቱ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ብቻ ናት የምታነሳው።

ሁላችንንም ያስከፈለን ሲደመር ይኸው ነው፤ ትርንጎን የግራ ዓይኗን፣ አስማማውን አባቱን፣ ፍራው ሄልጋን አንድ የጣሪያ ሸክላ። እኔን ምንም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ታድሷል።