ከመቆረጡ በፊት

አብዱልሃኪም ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ማህተም ሠርቷል። ደንቡ አንድ ነው። አዲሱን ሲያስረክብ አሮጌውን ባመጣው ሰው ፊት ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ምልክቱን ወረቀት ላይ አያስቀርም። የመሥሪያ ቤት ማህተም አትሞ የተገኘ ሰው ሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ ተብሎ ይታሰራላ።

ባለፈው ወር የትውልድ ወረዳው ሰዎች ከዞኑ ለመውጣት ድምፅ ሰጡ። ታናሽ እህቱ ረይሀናም ጎህ ሳይቀድ ተሰልፋ "እንውጣ" ካሉት አንዷ ነች። ለምን? ከሩቅ ሲታይ ትልቅ ፖለቲካ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለጠየቀ ግን ነገሩ የፊርማ ነው። ለአንዲት ፊርማ ሁለት መኪና ቀይራ ዞኑ ከተማ ትደርሳለች፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ትባላለች፤ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት የተመላለሰ ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ያላሰበችው የወረዳው ወሰን የሆነውን ወንዝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው የእንሰት ማሳዋ በቀድሞው ዞን ቀረ። የማዶ ሹሞችም የይዞታ ደብተሯን አገላብጠው ማህተሙን አናውቀውም አሏት። ትናንት ደውላ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ማህተሙ ያንተ ሥራ አይደል? እንዴት ሐሰት ይሆናል?"

ዛሬ ደግሞ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሲን ያንኑ ማህተም ይዞ መጣ። የአዲሱን ዞን ስም የያዘው ተቀርጾ ተዘጋጅቷል፤ አሮጌው መቆረጥ ብቻ ቀርቶታል። አብዱልሃኪም መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ይህ የማህተም ጎማ ከተቆረጠ የእህቱ ደብተር ከምን ጋር ይመሳከራል?

አሮጌውን ቀለም አስነክቶ ነጭ ወረቀት ላይ መታው።

"ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ትክክለኛው ማህተም ይህ እንደነበር የሲን ከሥሩ እንዲፈርምለት ለመነው። የሲን በሩን ዞር ብሎ አየ። እሱም መውጣትን መርጧል፤ አሁን ግን ቢሮው ውስጥ ማን የየትኛው ወገን እንደሆነ እየተጠቆመ ነው፤ በአሮጌው ማህተም ሥር የፈረመም የቀድሞው ዞን ወገን ይባላል።

"ልጆች አሉኝ፤ እኔ አላየሁም" አለና አዲሱን ማህተም ኪሱ ከትቶ ወደ መውጫው ተጠጋ። "አሮጌውን ግን ቆርጠው ያሳዩኝ።"

ቆረጠው።

የሲን ከሄደ በኋላ ወረቀቱ ባንኮኒው ላይ ቀረ፤ ፊርማ የሌለው፣ ሊያሳስር የሚችል። ቢቀደድ ማንም አያውቅም። አብዱልሃኪም ብዕር አነሳ። ይህን ማህተም የቀረጽኩት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሙሉ ስሙን ከነአያቱ አስፍሮ ፈረመ።