መስታወቱን እንደያዝን

የእህቴን ባል የሥራ ጓደኞቻችን «ቀስ በል» ይሉታል። ዕቃ ስንሸከም ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ሁለታችንም መስታወት ቆራጮች ነን፤ እሱ ለክቶ ይቆርጣል፣ አብረን ተሸክመን እንገጥማለን። እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን የተሰፋ ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሲጠይቁትም ግማሹን ውጦ ነው የሚመልሰው።

እህቴን ካገባ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ልጅ የለም። የእሱ እናት በመጣች ቁጥር «ምነው ልጄ፣ እስካሁን?» እያለች የእህቴን ሆድ ሆዷን ታያለች። መርፌውንም ክኒኑንም ምርመራውንም ችላ የኖረችው እህቴ ናት። እሱም አንዴ ተመርምሮ ዘሩ አነስተኛ ነው ተብሏል። ሐኪሙ ግን ችግሩ በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል ብሎ፣ እህቴ በቀዶ ሕክምና ውስጧ እንዲታይ ለሐሙስ ቀጠራት። ማደንዘዣ የሚሉትን ነገር ስሙን ስትሰማ ትንቀጠቀጣለች። እናታችን ማደንዘዣ ተወግታ ከገባችበት የቀዶ ሕክምና ክፍል በሕይወት አልወጣችም።

ረቡዕ ጠዋት ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ይዘን ደረጃ እየወጣን ነበር፤ ሊፍቱ አልበቃውም። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። በእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ቢያምህም ብትናደድም፣ ጓደኛህ «ይዣለሁ» ሳይልህ እጅህን አትለቅም። ሁለተኛው ፎቅ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ድንገት ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ሆዴን ነው። ቆይ፣ ትንሽ ቆይ።»

«ሰሞኑን ምን ነካህ? ከሽንት ቤት አልወጣ አልክ እኮ!»

 እኔን ላለማየት መስታወቱን እያየ፣ «ጋሼ፣ ደም ነው» አለኝ። «መድኃኒቴን ካቆምኩ ሰነበትኩ።»

«የምን መድኃኒት?»

እዚያው ደረጃ ላይ፣ እያቃሰተ ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንጀቱ ይቆስላል፤ በየቀኑ ክኒን ካልዋጠ ይደማል። ሊያገባ ሲል እናቱ «ለበሽተኛ ማን ልጁን ይሰጣል? ዝም በል» አለችው። እሱም ክኒኑን ቫይታሚን ነው እያለ ስድስት ዓመት ሙሉ በእህቴ ፊት ዋጠው። ሐኪሙ ያኔ በምርመራው ጊዜ «ለረጅም ጊዜ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቀው እህቴ አጠገቡ ነበረች። «ምንም የለም» አለ። በቅርቡ ደግሞ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ «ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ለሐኪምህ ንገር፤ ይሄ ክኒን የወንድ ዘር ይቀንሳል» አለችው። እሱ ታዲያ ለሐኪም በመንገር ፋንታ ማንም ሳያውቅበት ይስተካከልልኛል ብሎ በራሱ አቆመው።

«ነገ እህቴን ሊቀዷት ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

ደሜ ፈላ። እጄ ባዶ ቢሆን ኖሮ ጥርሱን አረግፍለት ነበር። ግን መስታወቱ በመሃላችን ነው፤ አንዳችን ብንለቅ ተያይዘን ማለቃችን ነው። መስታወቱ በእጁ ላይ ይወዛወዛል። የእሱን ቃል ለእሱ መለስኩለት፤ «ቀስ በል። አንድ ደረጃ ውረድ። ሌላም።» እንደምንም ታችኛው መታጠፊያ ላይ አድርሰን መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። «ይዣለሁ» አለኝ። ለቅቄ ኮሌታውን አነቅኩት።

«ወይ አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ።»

«ትታኝ ትሄዳለች፣ ጋሼ።»

«ትሂዳ!»

መስታወቱን እዚያው ትተን እነሱ ቤት ስንደርስ እህቴ ለነገ የሌሊት ልብሷን እያጣጠፈች ቦርሳ ውስጥ ትከት ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«ሐኪሙ ሲጠይቅህ አጠገብህ ነበርኩ አይደል?»

«ነበርሽ።»

«እጄን ይዘኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

ቦርሳዋን እንደያዘች ወደ ሐኪሙ ሄደች፤ ተከተልናት። ሐኪሙ ክፍል ገብተን እሱ ሲያመነታ፣ ልናገርለት አፌን ስከፍት እህቴ «ተወው፣ ራሱ ይናገር» አለችኝ። ተናገረ። ሐኪሙ መጀመሪያ የተቆጣው መድኃኒቱን በራሱ ስላቆመ ነው፤ አንጀቱ ብሶበት ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ከዚያ ሌላ መድኃኒት እንደሚቀይርለት ነገረን። ይሄኛውን የተዉ ብዙ ወንዶች በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ዘራቸው ይመለሳል አለ፤ ለሁሉም ሰው ግን ቃል አልገባም። ቀዶ ሕክምናው እስከዚያ ይቆይ ተባለ። እኔ እፎይ አልኩ፤ አምላኬን አመሰገንኩ።

ደጅ ስንወጣ ቦርሳዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«ሦስት ወር ነው አለ እኮ» አላት፣ በልመና ድምፅ።

«እሱማ ያንተ ነው» አለችው። «እኔ መልሼ እስካምንህ ስንት ወር እንደሚፈጅብኝ አልጠየቅከኝም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ጋ ነው የማድረው» አለችኝ።